ልክ ነዎት፣ ዶን ፋውስቲኖ

ሊግያ ካኑል በዚያ ሐሙስ ጠዋት ወደ ጥንታዊው የማያ ከተማ ፍርስራሽ ስትሄድ ተናዳ ነበር። ይህ በራሱ ወሬ አይሆንም። በቹንያሽ መንደር ሊግያን ሳትናደድ አየሁ የሚል ሰው ካለ ያያት ተኝታ መሆን አለበት። የዚያን ሐሙስ ግን ንዴቷ ዝም ያለ ነበር፤ ዝም ያለውን ደግሞ እኛም አናውቀውም። በር ላይ ትኬት የሚቆርጡት ሽማግሌ «ሰላም ነው?» ቢሏት «ምን ሰላም አለ?» ብላቸው አለፈች። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ምን እንዳጠፉ ሲያስቡ ዋሉ።

ያጠፋው ሌላ ሰው ነው። ያጠፋውም ባለፈው እሁድ ነው።

በእኛ መንደር ልጅ ለትዳር የሚጠየቀው በሦስት እሁድ ነው። በመጀመሪያው እሁድ የወንዱ ሽማግሌዎች ዳቦና ተፈልቶ የሚጠጣ ቸኮሌት ይዘው ይመጣሉ። ስለ ዝናብ ይወራል፤ ስለ በቆሎ ይወራል፤ ስለ አንድ የሞተ በቅሎ ይወራል። ከዚያ የልጅቷ አባት ጉሮሯቸውን ይጠርጉና የገዛ ልጃቸውን ማዋረድ ይጀምራሉ። ሰነፍ ናት ይላሉ፤ ምላሰኛ ናት ይላሉ። የወንዱ ወገንም ተራውን ጠብቆ የራሱን ያዋርዳል፤ የእኛማ አህያ ነው፣ ቆመው ካላዘዙት አይንቀሳቀስም ይላል። ሁለቱም ልጆች ከአፈር በታች ከወረዱ በኋላ ማንም ከማንም እንደማይበልጥ ይታወቅና ቸኮሌቱ ይጠጣል። ለምን እንዲህ ይሆናል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሁሉም ያውቀዋላ።

ኤርሚሎ ፖት አያውቀውም።

ኤርሚሎ የጎረቤት መንደራችን የሳክፓካል ልጅ ነው። እናቱ የሞተችው በሰባት ዓመቱ ሲሆን አክስቱ ሆቴሎቹ ወደተደረደሩበት ወደ ባሕሩ ዳር ወስዳ አሳደገችው። ስድስት ዓመት በሆቴል ሳህን ተሸከመ። አሁን በነጭ ሚኒባስ ሐሙስ ሐሙስ ጎብኚ ያመጣልናል። የእኛን ቋንቋ፣ ማያን፣ ይናገራል፤ ግን ማያው እናቱ የሞተች ዕለት ማደጉን አቁሟል። ሠላሳ ሊሞላው አንድ ዓመት የቀረው ጎልማሳ አፉን ሲከፍት የሰባት ዓመት ልጅ ይወጣል። ሊግያ በእሱ ላይ ተናዳ መቆየት የሚያቅታት በዚህ ነው። አለመቻሏ ደግሞ የባሰ ያናድዳታል።

የተዋወቁትም በጠብ ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ ሴኖቴ በምንለው ጥልቅ የጉድጓድ ውሃ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ለጎብኚዎቹ «በዚህ ውስጥ ሺህ ልጃገረዶች ተወርውረዋል» ሲል ሰማችው። ሊግያ የፍርስራሹ አስጎብኚ ናት፤ ያነበበችውን ታውቃለች፣ ያላነበበችውን አትናገርም።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህ ስዋኝ ያገኘሁት ሁለት ስባሪ ማሰሮና አንድ የላስቲክ ጫማ ነው» አለችው በሰው ፊት። «ሺዎቹን አንተ የት አየሃቸው?»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ኤርሚሎ እስከ ጆሮው ቀላ። በሚቀጥለው ሐሙስ ገና ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጠየቃት።

«ዛሬስ ስንት ልበል?»

«ምንም አትበል።»

«ምንም ጉርሻ አያመጣም እኮ።»

«እንግዲያስ አንድ በል» አለችው። «እሷንም እኔ ነኝ የምወረውራት፤ አንተን ከኋላዋ።»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በቹንያሽ ሌላ ቀን ሆነ። ሊግያ ሐሙስ ሐሙስ ጥልፍ ያለበትን ነጭ ቀሚሷን ትለብሳለች፤ «የቀረው እርጥብ ነው» ትላለች። እሱ ጎብኚዎቹ እስኪዋኙ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ስታየው ሰማይ ያያል። እሷም ሰማይ ታያለች። በዚያ ዓመት ሰማይን እንደ እነሱ ያጠና የለም።

አሁን ወደ እሁዱ።

ኤርሚሎ ብቻውን መጣ። ሽማግሌ የለ፣ ዳቦ የለ። ይዞ የመጣው ሮዝ ክሬም የተቀባ ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ነው፤ በሚያዝያ ሐሩር፣ የሦስት ሰዓት መንገድ። የሊግያ አባት ዶን ፋውስቲኖ የመንደሩ የመሬት ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ኬኩን አይተው ምንም አላሉም። ስለ ዝናብ አወሩ፤ ስለ በቆሎ አወሩ። የሚመልስ ሽማግሌ ስለሌለ በቅሎውን ዘለሉት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ለትዳር የምትሆን አይደለችም» አሉ። «ሰነፍ ናት። ቂጣ ታሳርራለች። ምላሷም ከቃሪያ ያቃጥላል።»

ኤርሚሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። በሆቴሉ እንዳስተማሩት አንገቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ።

«ልክ ነዎት፣ ዶን ፋውስቲኖ» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው ‘ቀጥል’ ማለት መሰለው።

«እኔም አስተውያለሁ። ግን ችግር የለም፤ እኛ ዘንድ ቂጣ በኪሎ ይሸጣል።»

በእኛ መንደር ቤት ሁሉ በአጣና የተሠራ ነው፤ ዓይን አያሳልፍም፣ ጆሮ ግን ያሳልፋል። ሊግያ ከአጣናው ጀርባ፣ ማእድ ቤት ቆማ ነበር። እናቷ ዶኛ ኤልሲ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልታወቀም።

ዶን ፋውስቲኖ «ሰምተናል» ብቻ አሉ። ኤርሚሎ ተነስቶ እጅ ነስቶ ወጣ፤ እያፏጨ ነው ሚኒባሱን ያስነሳው። በእሱ ቤት ነገሩ ሰምሮለታል።

መኪናው ከራቀ በኋላ ዶን ፋውስቲኖ ኬኩን በጣታቸው አመለከቱ።

«ማንም እንዳይነካው። እስከሚመጣው እሁድ የሚናገርለት ሰው ይዞ ከመጣ ይቆረጣል። ካልመጣ ከነሣጥኑ ይመለስለታል፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ በር አያልፍም።»

ማንም አልነካውም። ጉንዳኖቹ ግን የማኅበሩ አባል ስላልሆኑ ሊቀ መንበሩን አልጠየቁም።

ሐሙስ ኤርሚሎ ሰባት ጎብኚዎች ይዞ፣ ጥርሱን ገልጦ ወረደ።

«ደህና አደርሽ፣ ልቤ» አላት በማያ።

«ልብህን አሞራ ይብላው» አለችው በዚያው ቋንቋ።

«ምን አለች?» አሉ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ አንዲት አሮጊት። ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ ደብተር ይዘዋል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው ያለችው» አለ ኤርሚሎ፤ ጥርሱ ግን ግማሽ በግማሽ ተከደነ።

ሊግያ ሰዎቹን ይዛ በትልቁ ቤተ መቅደስ ደረጃ ወጣች። አናቱ ላይ፣ ግድግዳው በሙሉ የዝናብ ጌታ ፊት የተቀረጸበት ነው፤ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፍንጫው እንደ ማጭድ የታጠፈ።

«ይህን ቤት የሠሩት ዝናብ የሚለምኑ ሰዎች ናቸው» አለች በስፓኒሽ። «ውሃችን ከመሬት በታች ነው፤ ወንዝ የለንም። ስለዚህ ልመናው ብዙ ነበር።» ከዚያ ጣቷን ከአፍንጫው ሳታነሳ፣ ድምጿንም ሳትለውጥ፣ በማያ ቀጠለች። «ቤቴ ገብተህ፣ አባቴ ፊት ተጎልተህ፣ ቂጣ ታሳርራለች ሲሉህ ልክ ነዎት ትላለህ?»

ኤርሚሎ ደነገጠ። «ያሉት እኮ አባትሽ ናቸው!»

«አባቴማ ይበሉ! የእሳቸው ሥራ ነው!»

«የእኔስ ሥራ ምን ነበር?»

«ራስህን መስደብ!»

«ለምን?»

«ለምን ይለኛል! ለምን ይባላል?»

መምህርቷ እጃቸውን አወጡ። «ይቅርታ፣ የምትከራከሩት ስለ አፍንጫው ነው?»

«አዎ» አለች ሊግያ በስፓኒሽ። «ጓደኛዬ አፍንጫው ዝናብ ይጠራል ይላል። እኔ የምለው ጆሮ ከሌለው አፍንጫ ብቻውን ምን ይፈይዳል ነው።»

መምህርቷ ጻፉት።

«ራሴን ልሰድብ እችል ነበር» አለ ኤርሚሎ በማያ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ። «ማንም አልነገረኝም።»

«ቂጣ በኪሎ ይሸጣል ማለትን ማን ነገረህ?»

«እሱ እውነት ነው። ይሸጣል።»

ጎብኚዎቹን ይዘው የጥንት ሰዎች ይጫወቱበት ወደነበረው ኳስ ሜዳ ወረዱ። አንድ ወፍራም ሰውዬ «የተሸነፈው ምን ይደረግ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«አንገቱ ይቆረጥ ነበር የሚሉ አሉ» አለች፤ የምታየው ኤርሚሎን ነው። «በዚህ ሜዳ ማስረጃ አልተገኘም። እኔ ግን ማመን ጀምሬያለሁ።»

ቀትር ላይ ጎብኚዎቹ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን አጥልቀው በእንጨቱ መሰላል ወደ ውሃው ወረዱ። ውሃው ከላይ ሲያዩት ጥቁር ነው፤ ሲገቡበት ሰማያዊ። ውሃውን በከፊል ከሸፈነው የዋሻ ጣሪያ የዛፍ ሥሮች እንደ ገመድ ይንጠለጠላሉ። በዋሻው ግድግዳ ላይ ጎጆ የሠራው ወፍ ሁለቱን ረጃጅም የጭራ ላባዎቹን ወዲህና ወዲያ ያወዛውዛል።

ሁለቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትተው። ሰማይ ያየ አልነበረም።

«አባቴ እስከ እሁድ ብለዋል» አለች። «የሚናገርልህ ሰው ይዘህ ካልመጣህ ኬክህን ከነሣጥኑ ይልኩልሃል። ከዚያ በኋላ በራችንን አታልፍም። ይሄው ነው። ደስ ብሎህ እያፏጨህ የሄድከው በዚህ ነው።»

ኤርሚሎ የሚኒባሱን ቁልፍ በእጁ ውስጥ አገላበጠ።

«በሆቴሉ ስድስት ዓመት ያስተማሩኝ አንድ ቃል ነው» አለ። «ሰው ሲቆጣም፣ ሲሳሳትም፣ ሲሰክርም ‘ልክ ነዎት’ በል። አንዱ ሾርባው ቀዝቅዟል ብሎ ክንዴ ላይ ደፋብኝ። ሲፈላ የነበረ ሾርባ ነው። ልክ ነዎት አልኩት።» እጅጌውን ሰበሰበ። ከክርኑ በታች ቆዳው እንደ ተጨማደደ ወረቀት ነበር።

ሊግያ ጠባሳውን አየችው። እጇ ከጭኗ ላይ ተነሳና ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ።

«አሁን በሾርባ አንጀቴን ልትበላ ነው?»

«አይደለም። ስለጠየቅሽኝ ነው።»

«አልጠየቅኩህም።» ድንጋይ አንስታ ወደ ውሃው ወረወረች፤ መምህርቷ ከታች ጮኹ። «ይቅርታ! . . . ስማ፣ ወጉን አለማወቅህ አይደለም ያቃጠለኝ። ወጉን አውቀዋለሁ፤ ሲያድጉ ያየኋቸው ሴቶች ሁሉ ተሰድበውበታል፤ ጨዋታ ነው ይሉናል። ግን እዚያ አጣና ጀርባ ቆሜ አባቴ ሲያዋርዱኝ፣ ሞኝ ነኝና፣ አንድ ሰው ‘አይደለችም’ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም ብሎ አያውቅም። አንተ ከሌላ ቦታ የመጣህ ነህ፤ ምናልባት ብዬ ነበር። አንተ ግን አስተውያለሁ አልክ።»

ወፉ ጭራውን ሁለት ጊዜ አወዛወዘ።

«የሚናገርልኝ ሰው የለኝም፣ ሊግያ።»

«እሱን እኔ አላውቅም» አለች ተነስታ። ዓይኗ ቀልቷል። «እኔ ተናድጃለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነው። ያንተን አንተ ፈልግ።»

ቅዳሜ ዕለት ኤርሚሎ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ የሚናገርለት ሽማግሌ ፍለጋ ቹንያሽን በእግሩ ዞረ። ማር ቆራጩ ወገቤን ታምሜያለሁ አሉት። ለዝናብ የሚጸልዩልን አዋቂ ከዶን ፋውስቲኖ ጋር የመሬት ጉዳይ ስላላቸው በዚህ ወር እሳቸውን ማስቆጣት እንደማይፈልጉ በግልጽ ነገሩት። ሦስተኛው ሽማግሌ በገመድ አልጋቸው ውስጥ ተጠቅልለው የሉም አስባሉ፤ እግራቸው ወጥቶ ይታይ ነበር። ማምሻውን መንደሩ ሁሉ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ ሊግያም ሰማች። ማታ ቂጣ ስትጋግር ሊጡን የምትመታው ምጣድ ላይ ሳይሆን ሰው ላይ ይመስል ነበር።

እሁድ ብቻውን መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ባዶ እጅ። እኛም ሌላ ጉዳይ ያለን መስለን በዚያ ስናልፍ፣ ስንመለስ፣ ደግመን ስናልፍ ነበር።

ዶን ፋውስቲኖ ፊት ለፊት የጠያቂዎች አግዳሚ አለ፤ አራት ሽማግሌ ይይዛል። ኤርሚሎ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ሰው የሚያህል ባዶ እንጨት ከጎኑ ቀረ።

«የሚናገርልህ የት አለ?» አሉ ዶን ፋውስቲኖ።

«ማንም እሺ አላለኝም።»

«እንግዲያስ ሣጥንህን ውሰድ።»

ኬኩን ባልገልጸው ይሻላል።

ኤርሚሎ አልተነሳም። ያኔ ከማእድ ቤት ዶኛ ኤልሲ ወጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ባላቸውን አልፈው ሄዱና አግዳሚው ላይ፣ ኤርሚሎ አጠገብ፣ ተቀመጡ።

«እንደምን ዋሉ፣ ዶን ፋውስቲኖ?» አሉ።

ሃያ ስምንት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ባላቸውን እርስዎ ብለዋቸው አያውቁም። ዶን ፋውስቲኖ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ዝናቡ ዘንድሮ የሚዘገይ ይመስላል» አሉ ዶኛ ኤልሲ።

«ኤልሲ።»

«በቆሎውም እንጃለት። በቅሎዎም ሞተ ሲሉ ሰማሁ፤ ነፍስ ይማር። የመጣሁት ከሳክፓካል ነው። የተወለድኩት እዚያ መሆኑን ረስተው እንደሆነ። ይህም ልጅ የሳክፓካል ነው፤ እናቱን አውቃታለሁ፣ አብረን ውሃ ቀድተናል። ከሳክፓካል አፍ ያለው ሰው ጠፍቶ ከሆነ እኔ አለሁ።»

አጥር ላይ ያለነው ማለፉን ትተን ቆምን።

ዶን ፋውስቲኖ ግራና ቀኝ አዩ። ወግ ወግ ነው፤ እንግዳ ተቀምጧል። «እ . . . እሺ» አሉ። «ይናገሩ።»

ዶኛ ኤልሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ልጅ አህያ ነው። አህያስ መንገድ ያውቃል። በዚህ ፀሐይ ክሬም ጭኖ የሚመጣ ምን ይባላል? ማያው የጡት ልጅ ማያ ነው። ጎብኚ ሲያታልል ኖሯል። ያፏጫል። ሽማግሌ ለምኖ እንኳ አንድ አላገኘም።» ኤርሚሎ በእያንዳንዱ ቃል አንገቱ እየገባ ሄደ። እሳቸው ግን እየሞቃቸው ነበር። «ግን ይስሙኝ፣ ዶን ፋውስቲኖ። የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት አባቴ እኔን ሰነፍ ናት አሉ፤ ወንድምዎ ደግሞ የእኛ ጅል ነው አሉ። ወግ ነው ተባለ፤ ተሳቀ። በማግስቱ ያንተ ጅልነት ተረሳ። የእኔ ስንፍና ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ! ወጥ ሲቀጥን ‘አባትሽ ነግረውኝ ነበር’ ትለኛለህ! ሃያ ስምንት ዓመት!»

አጥሩ ላይ አንድ ሰው አሳለው። ከዚያ ሁላችንንም አሳለን።

ዶን ፋውስቲኖ ከወጉ ሌላ የሚይዙት አልነበራቸውም፤ ያዙት። «የእኔም ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለትዳር የምትሆን አይደለችም። ሰነፍ ናት። ቂጣ . . .»

«ውሸት!»

ኤርሚሎ ቆሟል። ጩኸቱ የሰባት ዓመት ልጅ ጩኸት ነው፤ ማያው ሌላ አያውቅም።

«ውሸት ነው! ሰነፍ አይደለችም! ያንን ደረጃ በቀን አራት ጊዜ ትወጣለች፣ በፀሐይ! ሰው ሲሳሳት ታርማለች፣ እኔን አርማኛለች! ለምን ይሰድቧታል? ምን አደረገችዎት? አልስማማም! ልክ አይደሉም!»

በዚያ ቤት ውስጥ ለዶን ፋውስቲኖ ልክ አይደሉም ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ በማኅበሩም ስብሰባ እንኳ የምንለው ቤታችን ስንደርስ ነው። ኤርሚሎ የተናገረው አሁን ገባው መሰለኝ። ቢሆንም አልተቀመጠም።

ሊግያ ከአጣናው ጀርባ ወጣች።

«አሳርራለሁ» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ቂጣውን። እሱ እውነት ነው፣ አሳርራለሁ። ስንፍናው ነው ውሸቱ።»

«እሺ» አለ ኤርሚሎ። «ልክ . . .» ብሎ አቆመ።

«ጨርሰው እስቲ።»

«አልጨርስም።»

ከንፈሯ ጥግ አንድ ነገር መጣና ሄደ። ዶኛ ኤልሲ አይተውታል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«ይሄ ጥያቄ በወጉ የለም» አሉ ዶን ፋውስቲኖ።

«አሁን አለ።»

ሊግያ ቸኩላ አልመለሰችም። ሰው ሁሉ እስኪደክመው አስጠበቀችን። ኤርሚሎን አየችው፤ እሱም አያት፤ ሁለቱም ዓይናቸውን የሚያሸሹበት ሰማይ በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

«ገና ተናድጃለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።»

«እጠብቃለሁ።»

«ማን ጠብቅ አለህ? ና ነው የምልህ። ይህን የመጀመሪያው እንበለው፤ ሁለተኛው እሁድ አለ፣ ሦስተኛው አለ። ሁለቱንም ትመጣለህ፣ ሁለቱንም ቆመህ ትጮሃለህ።»

«እጮሃለሁ።»

ዶኛ ኤልሲ ወገባቸውን ቀና አደረጉ። «ለእንግዳ ቸኮሌት የሚቀዳ የለም እዚህ ቤት?» አሉ ወደ ማንም ሳያዩ።

ዶን ፋውስቲኖ ልጃቸውን አዩ፤ አልተንቀሳቀሰችም። ሚስታቸውን አዩ፤ እንግዳ ናቸው። ቀስ ብለው ተነሱና ማእድ ቤት ገቡ። ወዲያው አንድ ነገር ወደቀ፣ አንድ ነገር ተሰበረ፣ ስኳሩ የት ነው የሚል ድምፅ መጣ። የመለሰላቸው የለም።

ሊግያ መሀል ቤት ቆማ ነበር። ከዚያ ሄደችና አግዳሚው ላይ፣ በኤርሚሎ በሌላው ጎን፣ ተቀመጠች። የተቃጠለው ክንዱ በእሷ በኩል ነበር። እጇን አኖረችበት።

አባቷ ሁለት ሲኒ ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉና ቆሙ።

«አንቺ የት ነው የተቀመጥሽው? ያ እኮ የጠያቂዎች ወንበር ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ሊግያ፤ አልተነሳችም።